ሣሩን በወር ወይስ በቁመቱ? በአዊ ዞን የተቋማት ግቢዎች የሣር አጨዳ ክፍያ ላይ የቀረበ አስተያየት

መግቢያ

አንድ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት የግቢውን ሣር በዓመት ስንት ጊዜ ማሳጨድና መክፈል ይገባዋል? ጥያቄው ለምርምር መድረክ ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ከጥርባ እስከ እንጅባራና ዳንግላ ባሉ የአዊ ከተሞችና የገጠር ማዕከላት ሰፋፊ ግቢ የሌለው የመንግሥት ተቋም ጥቂት ነው። በእነዚህ ግቢዎች ለሚደረገው አጨዳ የሚወጣው ገንዘብ ከዚያው ከጠመኔ፣ ከጽዳት ዕቃና ከጥገና በጀት የሚቀነስ ነው። የሚታጨደው ሣር ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ላለው አርሶ አደር መኖ ነው። ስለዚህ የአጨዳው ድግግሞሽ የውበት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ገንዘብና የሕዝብ ሀብት አጠቃቀም ጉዳይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም እየተስፋፋ በመሆኑ ጥያቄው አሁን ይበልጥ ይጠብቃል። በየመንገዱ ዳርና በየተቋሙ ፊት ሣር መትከል ልማድ እየሆነ ነው። መትከሉ የአንድ ጊዜ ወጪ ሲሆን መንከባከቡ ግን በየዓመቱ የሚመለስ ዕዳ ነው። የዕዳው መጠን የሚወሰነው ደግሞ በአብዛኛው አንድ ሰው በውል ሰነድ ላይ በሚጽፈው አኃዝ ነው፤ «በወር አንድ ጊዜ» ወይም «በወር ሁለት ጊዜ»።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ በአዊ ዞን የአየር ጠባይ የአጨዳ ክፍያ ከወር ቁጥር ጋር መታሰሩ በበጋ ላልተሠራ ሥራ የሚያስከፍል፣ በክረምት ደግሞ ሣሩን የሚጎዳ በመሆኑ መለኪያው የሣሩ ቁመት ሊሆን ይገባል። ሁለተኛ፣ አብዛኛው የግቢ መሬት ጭራሹን የሚከፈልበት ሳይሆን የሚያስገኝ መሬት ሊሆን ይችላል።

የዝናቡና የውሉ አለመጣጣም

ሣርን አሳጥሮ እንደ ምንጣፍ ማቆየት ዝናብ በሁሉም ወራት በመጠኑ በሚዘንብባቸው አገሮች የዳበረ ልማድ ነው። የመጀመሪያው የሣር ማጨጃ ማሽን የፈጠራ መብት በ1830 እ.ኤ.አ. ለኤድዊን በዲንግ የተሰጠውም በእንግሊዝ ነው። በዚያ የአየር ጠባይ እንኳ በብርድ ወራት አጨዳ ይቆማል፤ ከጸደይ እስከ መኸር ባሉት ወራት ግን ዕድገቱ ስለማይቋረጥ በቋሚ ቀጠሮ መሥራት ብዙ አያሳስትም።

አዊ እንዲህ አይደለም። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በአገራችን ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዷ ናት። ዳንግላ ዝቅ ብላ ከ2 ሺህ 100 ሜትር በላይ ትገኛለች። በሁለቱም ዘንድ ዝናቡ ግንቦት ላይ ጀምሮ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል፤ በጥቅምት ይሳሳል፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ መሬቱ ይደርቃል። ሰርዶው፣ ማጌቱና ሌላው የመስክ ሣር ይህንኑ ተከትሎ በክረምት ይፈነዳል፤ በበጋ ይተኛል። ውኃ እያጠጣ በበጋም ሣር የሚያበቅል ተቋም ቢኖርም የዚያ ዓይነቱ ቦታ ከጠቅላላው ግቢ ትንሽ እጅ ነው።

ወጥ የሆነ ወርኃዊ ውል ይህንን አያውቅም። ከ12ቱ ክፍያዎች 5ቱ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ይወድቃሉ። በእነዚህ ወራት አጫጁ ቢመጣም የሚያገኘው ደረቅ ገለባና አቧራ ነው። በአንጻሩ በሐምሌና በነሐሴ በወር አንድ ጊዜ መምጣቱ ስለማይበቃ ሣሩ ጉልበት ድረስ ይደርሳል።

ችግሩን የሚያባብስ ሌላ የቀን መቁጠሪያም አለ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል። ይህ ማለት ሣሩ በጣም በሚያድግበት ሳምንት ያለፈው ዓመት ሒሳብ እየተዘጋ፣ የአዲሱ ዓመት በጀት ገና እየተደለደለ ነው። ከዚያ በኋላ የግዥ ጥያቄ፣ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ጨረታና የውል ፊርማ ይከተላሉ። ሂደቱ ሲጠናቀቅ መስከረም ቢጠባ አያስገርምም። ውሉ የሚጀምረው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል በመሆኑ ተቋሙ ዋናውን የዕድገት ወቅት ያለ አጫጅ አሳልፎ፣ የደረቁን ወቅት ከአጫጅ ጋር ያሳልፋል። ይህ የማንም ሰው ስንፍና አይደለም፤ የሁለት ዓመቶች፣ የበጀቱና የሣሩ፣ አለመገጣጠም ነው።

ሣሩ ምን ይጠይቃል?

በሣር እንክብካቤ ሙያ በሰፊው የሚሠራበት መመሪያ በአንድ አጨዳ ከሣሩ ቁመት ከሢሶ በላይ እንዳይቆረጥ ያዛል። ምክንያቱ ሥር ነው። ሣር ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ስለሆነ አብዛኛው ቅጠል በአንድ ጊዜ ሲወሰድ ተክሉ የተረፈውን ጉልበት ቅጠል ለመተካት ያውለዋል፤ የሥር ዕድገት ይቆማል። የአሜሪካ የግብርና ተመራማሪ ክራይደር በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ግማሽና ከዚያ በላይ ቅጠል የተቆረጠባቸው ሣሮች ሥራቸው ለቀናት ማደጉን እንደሚያቆም፣ የተቆረጠው መጠን በጨመረ ቁጥርም የቆመበት ጊዜ እንደሚረዝም አሳይቷል። ሥሩ አጭር የሆነ ሣር ደግሞ በአዊ ረጅም በጋ አይዘልቅም። ራቁቱን የቀረው አፈር በሚቀጥለው ክረምት በጎርፍ ይታጠባል።

ይህ መመሪያ ለድግግሞሽ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ አለው። ሊጠበቅ የተፈለገውን ቁመት ወስነናል እንበል። ከሢሶ በላይ ላለመቁረጥ ሣሩ የዚያን ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ሲደርስ መታጨድ አለበት። ስለዚህ በአንዱ አጨዳና በሚቀጥለው መካከል ሣሩ የሚያድገው የተፈለገውን ቁመት ግማሽ ያህል ነው። የዓመቱ የአጨዳ ብዛትም የዓመቱ ጠቅላላ ዕድገት ለዚህ ግማሽ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው።

አካሄዱን በምሳሌ ለማየት የሚከተሉትን ግምቶች እንውሰድ፤ የተለኩ አኃዞች አይደሉም። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ ባሉት 18 ያህል ሳምንታት ሣሩ በሳምንት 2 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። በግንቦት፣ በጥቅምትና በኅዳር ባሉት 13 ያህል ሳምንታት በሳምንት 1 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። በቀሪዎቹ ወራት አያድግም። የዓመቱ ዕድገት 49 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ተቋሙ ሣሩን በ6 ሳንቲ ሜትር ሊያቆይ ከፈለገ 49 ለ3 ይካፈላል፤ ወደ 16 አጨዳ ያስፈልገዋል። በ10 ሳንቲ ሜትር ከረካ ግን 49 ለ5 ይካፈላል፤ 10 አጨዳ ይበቃዋል። ከእነዚህ 7ቱ በክረምቱ፣ 3ቱ በግራና በቀኙ ባሉት ወራት ይሆናሉ፤ በበጋ አንድም የለም።

ወርኃዊው ውል በዚሁ ግምት ሲፈተሽ ምን ይሆናል? በ6 ሳንቲ ሜትር የታጨደ ሣር በክረምት ከአንድ ወር በኋላ 14 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ይደርሳል። ወደ 6 መልሶ ማጨድ ማለት ከቁመቱ ወደ 60 ከመቶ መቁረጥ ነው። ይህም ክራይደር የሥር ዕድገትን ያቆማል ካለው ገደብ በላይ ነው። ተቋሙ 12 ጊዜ ከፍሎ የተጎዳ ሣር ያገኛል፤ 10 ጊዜ ከፍሎ የተሻለ ሣር ማግኘት ይችል ነበር። የተፈለገውን ቁመት በ4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ብቻ ወጪውን ከሢሶ በላይ መቀነሱም ልብ ሊባል ይገባል። በዚህ ስሌት ከጨረታ ዋጋ ይልቅ ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ቁመቱ ነው።

ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሣር አይፈልግም

የስሌቱ ሁለተኛ ትምህርት ግቢን በአንድ ቁመት ማስተዳደር አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። ሰንደቅ ዓላማው ዙሪያና የተገልጋይ መቀመጫ አጠገብ አጭር ሣር ተገቢ ነው። በሕንፃዎች መካከልና በመተላለፊያ ዳር መካከለኛ ቁመት ይበቃል። ከኋላ፣ ከአጥር ሥርና ገና ካልተገነባበት ቦታ ያለው ሰፊ መሬት ግን መስክ ሆኖ ቢቆይ የሚጎዳው አገልግሎት የለም።

አንድ ሄክታር ሣር ያለበት ግቢ እንውሰድ። አንድ አሥረኛውን በ6 ሳንቲ ሜትር፣ ሦስት አሥረኛውን በ10 ሳንቲ ሜትር ቢይዝ፣ ስድስት አሥረኛውን ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጨድ መስክ ቢያደርገው፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች የሚከፍለው በሄክታር ሲሰላ ከ4.6 አጨዳ ጋር እኩል ነው። መላውን ግቢ በየወሩ ሲያሳጭድ የሚከፍለው 12 ነው። መስኩን የሚያጭደው ሣሩን የሚወስደው ሰው ስለሆነ ተቋሙ ለእርሱ አይከፍልም፤ እንዲያውም ሊከፈለው ይችላል።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የግቢያቸውን ሣር ለአካባቢው አርሶ አደር ሸጠው የውስጥ ገቢ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች አሉ። በአዊም በዲከረንስ ተክል ውስጥ የሚበቅለው ሣር ዛፉ ለከሰል እስኪደርስ ድረስ እየታጨደ ለመኖ ይውላል፤ ይሸጣልም። ከዚህ የሚሰፋ ምሳሌ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ይገኛል። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን መስክ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ በቄሮ ሥርዓት ሲያስተዳድር መስኩን ለበርካታ ዓመታት ዘግቶ ያቆየውና የሚከፍተው ጓሳው ደረሰ ተብሎ ሲወሰን ነበር። መለኪያው የሣሩ መድረስ እንጂ የተቆረጠ ቀን አልነበረም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቆመበትን የርስት መሠረት ካፈረሰ በኋላ ሥርዓቱ በቀድሞ መልኩ ባይቀጥልም፣ መርሑ ዛሬም የሚያስተምር ነው።

በአዊ የመኖ ጉዳይ ቀላል አይደለም። አካባቢው የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብረው ጥር 23 ቀን፣ መስኩ በደረቀበት ወቅት ነው። በዚያ ጊዜ ፈረስም ሆነ በሬ የሚኖረው ቀድሞ በተሰበሰበ ድርቆሽና ጭድ ነው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች የዲከረንስ ተክል መስፋፋት ለባለመሬቱ ጥሩ ገቢ ቢያመጣም የእርሻና የግጦሽ መሬትን አጥብቧል። እንዲህ ባለ አካባቢ ለም የሆነ የተቋም መስክን በገንዘብ እያስቆረጡ ሣሩን ከአጥር ሥር ከምሮ ማበስበስ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው።

የአጨዳው ጊዜም ዋጋ አለው። ሣር እያረጀ በሄደ ቁጥር የፕሮቲን መጠኑ ይቀንሳል፤ ከ7 ከመቶ በታች ሲወርድ ከብቱ ሣሩን በሚገባ መፍጨት ይሳነዋል። ድርቆሽ እስከ ኅዳር የሚጠበቀው ሣሩን ለማድረቅ ፀሐይ ስለሚያስፈልግ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ሣሩ ብዛት እንጂ ጥራት የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው አጨዳ በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ መጀመሪያ ሆኖ ሣሩ በእርጥቡ እየተወሰደ ቢቀለብ፣ ከዚያ የሚያቆጠቁጠው በጥቅምት ሲያብብ ቢታጨድና ቢደርቅ ይመረጣል።

መስኩ ሲያብብ ንብም ይጠቀማል። ማጌትን የመሰሉ የመስክ አበቦች የሚያብቡት ማር በሚጠበቅበት በዚያው ወቅት ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ በቤት ግቢዎች ላይ የተካሄደ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በየሳምንቱ፣ በየሁለት ሳምንቱና በየሦስት ሳምንቱ የታጨዱ ግቢዎችን አነጻጽሮ ነበር። በሦስት ሳምንት የታጨዱት ከሳምንታዊዎቹ ይልቅ ብዙ አበባ ነበራቸው፤ ንቦች በብዛት የተገኙት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ በታጨዱት ነው። ቦታው ከአዊ የራቀ ቢሆንም ከአጨዳ መብዛት የሚጎድል ነገር መኖሩን ያመለክታል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ረጅም ሣር ያልተጠበቀ ግቢ ያስመስላል፤ እባብና መዥገርም ይደብቃል» የሚለው ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። ለዚህም ነው መስኩ ከመማሪያ ክፍል፣ ከታካሚ መተላለፊያና ከሕፃናት መጫወቻ ርቆ፣ ዳር ዳሩ በአጭሩ ታጭዶ እንዲከለል የሚመከረው። ጠርዙ ንጹሕ የሆነ መስክ ታስቦበት የተተወ መሆኑ ለተመልካች ይታወቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአጫጆቹ ኑሮ ነው። የማጭድ ሥራ የቀን ሠራተኛ እንጀራ ስለሆነ የክፍያውን ብዛት መቀነስ እርሱን ይጎዳል ይባላል። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ወርኃዊው ውል የሚጠቅመው ሠራተኛውን ሳይሆን ውሉን የያዘውን ነው፤ በበጋ የሚከፈለው ገንዘብ ሥራ ስለሌለበት ሠራተኛው ዘንድ የመድረስ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ክፍያው በተሠራ አጨዳና በስፋት ሲሆን ሥራው ባለበት ክረምት ሠራተኛው ደጋግሞ ይጠራል። መስኩን የማጨድ መብት ለሥራ አጥ ወጣቶችና ለአነስተኛ ከብት አርቢዎች ማኅበራት ቅድሚያ ቢሰጥ ደግሞ ጉድለቱ በከፊል ይካካሳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የቁጥጥር ነው። የወር ቁጥር ለኦዲት ይመቻል፤ ቁመት ግን የተቆጣጣሪውን ፈቃድ ይከተላል፤ ለጥቅም መጋራትም በር ይከፍታል ሊባል ይችላል። መፍትሔው ቀላል መሣሪያ ነው፤ በሳንቲ ሜትር የተሰመረ በትር፣ በግቢው ውስጥ 10 ቋሚ የመለኪያ ነጥቦችና አንድ መዝገብ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ይለካል፤ አማካዩ ከተወሰነው ሲያልፍ አጫጁ ይጠራል፤ ሁለት ሰው ይፈርማል። ወርኃዊው ውል ሠራተኛው መምጣቱን እንኳ አያረጋግጥም፤ መዝገቡ ግን ሥራው ከመሠራቱ በፊትና በኋላ የነበረውን ቁመት ያሳያል። የኦዲት ማስረጃ ከሆነ ይህ ይሻላል።

አራተኛው ተቃውሞ የአፈር ለምነትን ይመለከታል፤ ለእኔም ከሁሉ የሚከብደኝ ይህኛው ነው። ሣር በተወሰደ ቁጥር ናይትሮጅንና ሌላም ንጥረ ነገር አብሮ ይወጣል። የአዊ ደጋ አፈር ደግሞ ዝናብ ያጠበውና አሲዳማነት ያጠቃው ነው። ስለዚህ አጭርና መካከለኛ ቁመት ባላቸው ክፍሎች የሚቆረጠው ብጣሽ እዚያው እንዲበሰብስ መተው አለበት፤ ሢሶው ብቻ ሲቆረጥ ብጣሹ ትንሽ ስለሆነ ሣሩን አያፍንም። ከመስኩ ሣር የሚወስደው ሰው ደግሞ በበጋ የተብላላ ፍግ መልሶ እንዲያመጣ በስምምነቱ ሊካተት ይገባል።

አንድ ጥንቃቄ መጨመር ያስፈልጋል። የአረም መድኃኒት የተረጨበት ወይም ፌስታልና ስብርባሪ የበዛበት ሣር ለመኖ መሰጠት የለበትም። በማሽን ተከትፎ ተከምሮ የሞቀ ብጣሽ በተለይ ለፈረስ የሆድ ቁርጠት መነሻ ይሆናል። ማጌት የበዛበት እርጥብ ሣርም ለተራበ ከብት በአንድ ጊዜ ከተሰጠ ሆድ ይነፋል። ስለዚህ ለመኖ የታሰበው መስክ በማጭድ ታጭዶ በዕለቱ መወሰድ አለበት።

ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳብ

ከላይ የተነሡት ነጥቦች ወደ አራት ተግባራት ያመራሉ። ተቋማት አስቀድመው ግቢያቸውን በአገልግሎት ከፍለው ለእያንዳንዱ ክፍል የሚፈለገውን ቁመት ይወስኑ። የአጨዳ ውል በወር ሳይሆን በአንድ አጨዳና በካሬ ሜትር ዋጋ ይቁረጥ፤ የዓመቱ ጣሪያ ተወስኖ፣ ጥሪው ግን በቁመት መለኪያ ይሁን። ግዥው በመጋቢትና በሚያዝያ ተጀምሮ፣ የግዥ መመሪያ በሚፈቅደው መጠን ከአንድ የበጀት ዓመት ወደ ሌላው በሚሻገር ስምምነት ከክረምቱ በፊት ይጠናቀቅ፤ ይህ ካልተቻለ ቢያንስ የሰኔና የሐምሌ አጨዳ በተለየ አነስተኛ ግዥ ይሸፈን። መስክ የሚሆነው ክፍል በግልጽ ማስታወቂያ ለአካባቢው ነዋሪ ይቅረብ፤ ገቢውም ለተቋሙ አገልግሎት ይዋል።

ለምርምር የሚቀረው ሥራም ግልጽ ነው። በዚህ ጽሑፍ በግምት የተወሰዱት የሳምንት ዕድገት አኃዞች በመለካት ሊተኩ ይገባል። በእንጅባራና በዳንግላ ከፍታዎች፣ በሰርዶና በማጌት በተሸፈኑ ግቢዎች፣ ከግንቦት እስከ ኅዳር በየሳምንቱ የሚደረግ ልኬት የተራቀቀ ቤተ ሙከራ አይፈልግም፤ በአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አቅምና በአንድ ክረምት የሚጠናቀቅ ነው። የእንስሳት መኖ፣ የአፈር ሳይንስና የመንግሥት ግዥ አጥኚዎች አንድ ግቢ ላይ አብረው ቢሠሩ ውጤቱ በቀጥታ ወደ ውል ሰነድ ሊገባ ይችላል። እስከዚያው ድረስ ግን ልኬቱን ሳይጠብቅ ሊስተካከል የሚችል አንድ ነገር አለ፤ ሣሩ በማያድግባቸው በአምስቱ የበጋ ወራት ለአጨዳ መክፈል ማቆም።